ቁስል የማያሳይ ጉዳት፦ የኮምፕሬሰር ንፋስ ሆድ ውስጥ ሲገባ

ከደሴ ተነስቶ ወደ ወልዲያ የሚሄድ የጭነት መኪና ውጫሌ ሲደርስ የመንገዱን ግማሽ ያህል ጨርሷል። ሾፌሩ ምሳ ሲበላ ረዳቱ መኪናውን እየዞረ ጎማዎቹን በመዶሻ ይመታል፤ ድምፁ የላላበት ጎማ ካለ መኪናው ወደ ጎሚስታ ይጠጋል። ደጃፉ ላይ ኮምፕሬሰሩ ይንተከተካል፣ ረጅሙ ቱቦ መሬት ላይ ተጋድሟል። በዚያ ቱቦ የሚሞላው ጎማ ብቻ አይደለም። ፊልትሮ ይጸዳበታል፣ አቧራ የጠጣ ቱታ ይራገፍበታል፣ በሙቀት ሰዓት ላብ ይደረቅበታል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጎንበስ ያለ ጓደኛ ከኋላው ይለቀቅበትና ሲዘል ይሳቅበታል።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ስለዚያ ስለ መጨረሻው ነው። ያ ንፋስ የሰው መቀመጫ ላይ ሲለቀቅ አንጀት ይቀዳል። ሰውየው ከላይ ሲታይ አይደማም፣ አጥንቱም አይሰበርም፤ ሱሪው እንኳ ላይቀደድ ይችላል። በዚህ ምክንያት አደጋው ከባድ መሆኑን የሚያምን ሰው ይጠፋል፣ ሰዓቱም ያልፋል።

የንፋሱን ጉልበት ለመረዳት ሁላችንም የምናውቀውን የደም ግፊት መለኪያ እንውሰድ። የጤነኛ ሰው የላይኛው ቁጥር 120 አካባቢ ነው፤ 180 ሲደርስ ባለሙያው ይደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ1931 በቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የሰው አንጀት በስንት ግፊት እንደሚቀደድ ለክቶ ነበር። አማካዩ በዚሁ መለኪያ ሲሰላ 210 ገደማ ነው። 8 ባር የሞላ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር በዚያው መለኪያ ስንት ነው? ወደ 6000። በሌላ መንገድ ለማየት፣ የፊፋ ደንብ የእግር ኳስ ንፋስ ከ0.6 እስከ 1.1 ባር ገደማ እንዲሆን ያዛል። አንጀት ግን የሚቀደደው በ0.28 ባር አካባቢ ነው፤ ለስለስ ብሎ የተነፋ ኳስ ከሚይዘው ግፊት እንኳ በግማሽ ያነሰ ማለት ነው።

«ቱቦው ካልገባ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። መግባት አያስፈልገውም። የፊንጢጣ ጡንቻ ሰገራንና ተራውን የሆድ አየር ለመያዝ የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለ ግፊት ግን ከጥቂት ሳንቲሜትር ርቀትም ቢሆን፣ በልብስ ላይም ቢሆን፣ አስገድዶ ይከፍተዋል። አንድ ወይም ሁለት ሴኮንድ ይበቃል። ንፋሱ ቀጥ ብሎ ገብቶ የሚጋጨው ትልቁ አንጀት ወደ ፊንጢጣ ሊደርስ ሲል በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። በዚህ አደጋ የተጎዱ ሰዎች ሆድ ሲከፈት ቀዳዳው ከሌላ ቦታ ይልቅ በብዛት የሚገኘው እዚያው ነው። ሌላም ማወቅ ያለብን ነገር አለ። የአንጀት ግድግዳ ድርብርብ ነው፤ ሲወጠር የውጪው ሽፋንና ጡንቻው ቀድመው ይሰነጠቃሉ፣ ውስጠኛው ስስ ሽፋን ግን ለጊዜው ሊይዝ ይችላል። እንዲህ የሆነበት ሰው ከመጀመሪያው ድንጋጤ በኋላ «ተሻለኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድና በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ስሱ ሽፋን ይበሳል።

ከዚያ በኋላ ሰውን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ይቸኩላል፣ ሌላው ይዘገያል። የሚቸኩለው ከአንጀት ወጥቶ ሆድ ዕቃ ውስጥ የታፈነው ንፋስ ነው። መውጫ ስለሌለው ሆድን እንደ ከበሮ ይወጥራል፣ ሳንባ የሚሠራበትን ቦታ ወደ ላይ እየገፋ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ደም ወደ ልብ የሚመልሱትን ትልልቅ ሥሮች ይጫናል። በዚህ ሁኔታ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። የሚዘገየው ደግሞ ከአንጀት የፈሰሰው ሰገራ ነው። ሆድ ዕቃን ይመርዛል፣ መርዙ ወደ ደም ይገባል። ይኸኛው ሰዓታትና ቀናት ይወስዳል፤ ቀዶ ሕክምናው በዘገየ ቁጥርም የመዳን ዕድል ይመነምናል።

አደጋው አዲስ አይደለም። ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በዚህ ምክንያት ስለተቀደደ አንጀት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች በየአገሩ የመዘገቧቸው ተጎጂዎች በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ጋራዥ፣ ፋብሪካ፣ ጎሚስታ ውስጥ የሚሠሩ፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ «ጨዋታ» ነው። ጨዋታ ያልሆነም አለ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መጨረሻ በባንግላዴሽ ኩልና ከተማ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አንድ ትንሽ ልጅ ሥራ ቀይሮ ሌላ ቦታ በመግባቱ የቀድሞ ቀጣሪው የጎማ መሙያ ንፋስ ሰውነቱ ውስጥ ለቀቀበትና ገደለው። አገሩ በሐዘንና በቁጣ ተነሳ፤ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በሁለት ሰዎች ላይ ሞት ፈረደ፣ ቅጣቱ በኋላ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ዓመት ሳይሞላው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በዚያው አገር አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሌላ ልጅ በዚያው መንገድ ሞተ። የእነዚያን ልጆች ታሪክ ሳነብ ዓይኔ ላይ የሚመጡት በየመንገዳችን ዳር ከቁመታቸው የሚበልጥ ጎማ የሚያንከባልሉት ልጆች ናቸው።

ምልክቱን እንይ። ድንገተኛ የሆድ ሕመም፤ የሚነፋና የሚጠጥር ሆድ፤ ትንፋሽ ማጠር፤ ማስመለስ፤ ከፊንጢጣ የሚወርድ ደም፣ ትንሽም ቢሆን። ትከሻው ላይ ያመኛል ካለ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ ሆድ ውስጥ የታፈነ ንፋስ ከሳንባ በታች ያለውን ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ የሚሰማው ትከሻ ላይ ነው። አንዳንዴ የሆዱ፣ የደረቱ ወይም የአንገቱ ቆዳ ሲዳሰስ ከጣት ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ንፋሱ ቆዳ ሥር ገብቷል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ የልቡ ምት ከፈጠነና ከደከመ፣ ግራ የተጋባ ንግግር ከጀመረ ሰውየው እየከፋበት ነው። ከእነዚህ አንዱም ባይታይ፣ ንፋሱ መግባቱ ብቻውን ወደ ሐኪም ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው።

ጎሚስታው ደጃፍ ላይ መጀመሪያ የሚደረገው ንፋሱን መዝጋት ነው፤ ሰውየውን ከማንሳትም በፊት። በግንቦት 2003 ዓ.ም. አንድ የኒው ዚላንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከመኪናው ላይ ተንሸራቶ ሲወድቅ የፍሬን ንፋስ ቱቦ ጫፍ መቀመጫውን ወጋውና ንፋሱ ሰውነቱ ውስጥ መግባት ጀመረ። አንገቱና ፊቱ ሳይቀር አበጠ። የሥራ ባልደረቦቹ ሮጠው ንፋሱን ዘጉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ የሕክምና ሰዎች እስኪመጡ አጠገቡ ቆዩ፤ ሰውየው ተረፈ። ለነፍሱ የደረሰለት ፈጥኖ የተዘጋው ንፋስ ነው።

ንፋሱ ከተዘጋ በኋላ ሰውየው እንዲተነፍስ በሚመቸው ሁኔታ ይቀመጥ። ትንፋሽ ካጠረው ከወገቡ በላይ ቀና ተደርጎ ይደገፍ፤ ራሱን ካዞረውና ከደከመ ይተኛ፤ ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ይተኛ፣ ትውከት እንዳያንቀው። በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑት። አደጋው የደረሰበትን ሰዓት አንድ ሰው ይያዝ።

አሁን ደግሞ የማይደረገውን ልናገር። ሆድ ሲነፋ ቤታችን ውስጥ የሚደረገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ፌጦ በሎሚ፣ ጤና አዳም በቡና፣ አምቦ ውሃ፣ ከዚያም ሆድ ማሸት። እነዚህ ምግብ ላላለፈለት ሆድ በፍቅር የሚደረጉ ናቸው፤ ይህ ንፋስ ግን ከምግብ የመጣ አይደለም። አንጀቱ የተበሳ ሰው የዋጠው ሁሉ በቀዳዳው በኩል ሆድ ዕቃ ውስጥ ሊፈስ ይችላል፤ አምቦ ውሃ ደግሞ ራሱ ጋዝ ይዞ ይገባል። ከዚያም በላይ ሆዱ ሙሉ የሆነ ሰው ለማደንዘዣ አደገኛ ነው፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ውሃ አይጠጣ፣ ምግብ አይቅመስ፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒንም አይዋጥ። ከንፈሩ ከደረቀ በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብ ይበቃል። ሆዱ አይታሽ፤ ወጌሻ አይጠራ። በወለምታና በስብራት ስንቱን የረዳ እጅ እዚህ ላይ ሲጫን የተሰነጠቀውን አንጀት ይከፍተዋል፣ የፈሰሰውንም ያሰራጨዋል። ንፋሱን እናወጣለን ብሎ ፊንጢጣ ውስጥ ማንኛውንም ነገር ማስገባት፣ የሆድ ማጠቢያም መስጠት ክልክል ነው። ጸሎቱም ዱዓውም መኪናው ላይ ሆኖ ይደረግ፤ ለመንገዱ የሚያስፈልገው ሰዓት በሌላ አይጥፋ።

ወደ የት? የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። የወረዳው አምቡላንስ ስልክም አስቀድሞ ቢያዝ ይበጃል፤ በወረዳዎቻችን አምቡላንሱ ብዙ ጊዜ ለወላድ ስለሚሰማራ ካልተገኘ ሳይጠበቅ ሌላ መኪና ይፈለግ። ባጃጅ እስከ ጤና ጣቢያ ሊያደርስ ይችላል፤ ለረጅሙ መንገድ ግን ሰው የሚተኛበት መኪና ያስፈልጋል። አብዛኛው ጤና ጣቢያ ሆድ ከፍቶ ቀዶ አያደርግም፤ ሆኖም መንገዱን እንዲተርፍ የሚያደርገውን ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ውስጥ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አሉ፤ ይህ ሥልጠና ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ለሚኖረው ሕዝብ ታስቦ የተጀመረ ነው፣ ሆድ የሚከፍቱትም እነሱ ናቸው። ከዚያ ከፍ ሲል ከውጫሌ በአንድ በኩል ደሴ፣ በሌላ በኩል ወልዲያ አለ፤ በሁለቱም ሆስፒታል አለ። የትኛው ቅርብ ነው ከሚለው ይልቅ ዛሬ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ የሚሠራውና ባለሙያ ያለው የትኛው ነው የሚለው ይበልጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴና የአካባቢው ጤና ተቋማት ምን ያህል እንደተዘረፉ የኖርንበት ስለሆነ፣ ደውሎ አረጋግጦ መሄድ ለምን እንደሚያስፈልግ ለእኛ ማስረዳት አያሻም። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ደውሎ ቢያሳውቅ ሐኪሙ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የጤና መድን ደብተሩና የሪፈር ወረቀቱ አይረሱ፤ እነሱን ፍለጋ ግን መኪናው አይቁም።

ጤና ጣቢያ ላይ ኦክስጅን ይሰጣል፣ በደም ሥር ፈሳሽ ይገባል፣ የሕመም ማስታገሻ በመርፌ ይወጋል። ሰገራ ለበከለው ሆድ የሚሆን ፀረ ተሕዋስያን፣ ለምሳሌ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል፣ እዚያው ቢጀመር ትልቅ ጥቅም አለው። በአፍንጫ ቱቦ ገብቶ ጨጓራ ይራገፋል። ሆዱ ተወጥሮ ትንፋሽ ያቋረጠው ሰው ከሆነ የሠለጠነ ባለሙያ በወፍራም መርፌ ሆድ ዕቃውን ወግቶ የታፈነውን ንፋስ ሊያስወጣ ይችላል፤ ፉጨት እያሰማ ሲወጣ ሰውየው ወዲያው የሚተነፍስበት ጊዜ አለ። ይህን ቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው ግን ይገድላል። በመርፌው ቢቀለውም ቀዳዳው እዚያው አለና ጉዞው አይቀርም።

ሆስፒታል ሲደርስ ቀጥ አድርገው አስቀምጠው ወይም አቁመው የደረት ራጅ ያነሱታል፤ ንፋስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከሳንባ በታች እንደ ጥቁር ጨረቃ ሆኖ ይታያል። ያ ከታየና ሆዱ ከጠጠረ ሆድ ይከፈታል። ቀዳዳው ትንሽና ንጹሕ ከሆነ ይሰፋል፤ የተበጣጠሰ ክፍል ካለ ተቆርጦ ይወጣል። ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሆዱም ለስላሳ ከሆነ ደግሞ አስተኝተው ይከታተሉታል፤ በየሰዓቱ እየዳሰሱ፣ ምግብ ሳይሰጡ። «ምንም የለህም ካሉኝ ለምን አልወጣም» የሚለው ሰው ያንን ስስ ሽፋን ያስታውስ።

ቤተሰብን የሚያስደነግጠው አንድ ነገር ስላለ አስቀድሜ ላንሳው። ሆዱ በጣም ከተበከለ ሐኪሙ የአንጀቱን ጫፍ በሆድ ቆዳ በኩል አውጥቶ ሰገራው በከረጢት እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል፤ ኮሎስቶሚ ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አይፈርምም፣ «ልጄን እንዲህ ከምታደርጉት» ይላል። ኮሎስቶሚው የታችኛው አንጀት እንዲያርፍና እንዲድን የሚሰጥ ጊዜ ነው፤ በእንዲህ ያለ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከወራት በኋላ በሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይዘጋል፣ ሰውየውም እንደ ቀድሞው ይጸዳዳል። መቼ እንደሚዘጋና ከረጢቱ ከየት እንደሚገኝ ከሆስፒታል ሳትወጡ ጠይቁ፤ ከረጢቱ በትንንሽ ከተሞች መድኃኒት ቤት ውስጥ ሁልጊዜ አይገኝምና።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደኝ ግን ዝምታው ነው። የተጎዳው ልጅ ያፍራል፤ የጎዳው ይፈራል፤ ባለ ጎሚስታው ሥራው ይዘጋብኛል ብሎ ይሰጋል። ሦስቱም ተስማምተው «ሆዱን አሞት ነው» ይላሉ። ጤና ጣቢያ ላይ ያለው ነርስ ደግሞ የተነገረውን ይዞ የጨጓራ መድኃኒት ይሰጣል። እንዲህ አንድ ሌሊት ያልፋል። እውነቱን መናገር ከመድኃኒት ይቀድማል፦ «የኮምፕሬሰር ንፋስ ከኋላው ገብቶበታል፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ማሽን።» ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የሐኪሙን ሐሳብ ሁሉ ትለውጠዋለች። ባለሙያዎችም ልጁን ያመጡትን ሰዎች ውጭ አስቀምጠው ብቻውን ቢጠይቁት ይናገራል። ልጅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ጨዋታ ነው ወይስ ጥቃት የሚለው መጣራት አለበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አስቦ ብቻ ሳይሆን በቸልተኝነትም የሰው አካል የጎዳን ይጠይቃል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ክስን መፍራት ከሆስፒታል የሚያስቀር ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ የዳነ ልጅ ከአሳዳሪው ጋር በሽማግሌም በሕግም ይነጋገራል።

ንፋስ በሌላ በርም ይገባል። የጭነት መኪና ጎማ 7 ወይም 8 ባር ይዞ ሲፈነዳ ወይም የቸርኬው ቀለበት ተፈናጥሮ ሲወጣ ደረት ላይ የሚያርፈው ምት ሳንባን ይጎዳል። ጆሮው የጮኸበት ወይም የደማ ሰው፣ ሌላው አካሉ ደህና ቢመስልም ሳንባውና አንጀቱ ሊጎዱ ስለሚችሉ ለሰዓታት በሐኪም ዓይን ሥር ይቆይ። ጦርነቱ ትቶት ከሄደው ፈንጂ አጠገብ የነበረ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የፍንዳታ ሞገድ በአንድ ጊዜ የታመቀ አየር ነውና ሳያቆስል ውስጥ ይሰብራል። ላቫጆና ግራሶ ቤት የሚሠሩ ደግሞ ጣታቸውን ይጠብቁ። ግራሶ ወይም ቀለም በከፍተኛ ግፊት ጣት ሲወጋ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ነች፣ መጀመሪያም ብዙ አያምም። ውስጥ ለውስጥ ግን ወደ መዳፍ ይሄዳል፤ በሰዓታት ውስጥ ተከፍቶ ካልተጠረገ ጣቱ ሊቆረጥ ይችላል። «ነገ ካበጠ እሄዳለሁ» አይባልም።

አሜሪካኖች ለጽዳት የሚውል የንፋስ ቱቦ ጫፉ ላይ ከ30 ፒ ኤስ አይ፣ ማለትም ከ2 ባር ትንሽ ከፍ ከሚል ግፊት እንዳያልፍ በሥራ ደኅንነት ደንባቸው ወስነዋል። አንጀት የሚቀደድበትን ቁጥር ላስታወሰ ሰው ያም ቢሆን ለሰውነት ብዙ ነው፤ በንፋስ ልብስ ማራገፍ እንዲቀር የምፈልገው ለዚህ ነው። ቱታ በብሩሽ ይጠረጋል። ጎማ ሲሞላ ከፊት ለፊቱ አይቆምም፣ ቱቦው ይረዝምና ከጎን ይያዛል። አዲስ ልጅ ሥራ ሲገባ ክሪክ ማስገባትና ቡሎን መፍታት ከመማሩ በፊት ቱቦው ወደ ሰው እንደማይዞር ይነገረው፤ የሚነግረውም ባለቤቱ ራሱ ይሁን። የጎማ ዋጋ በኖራ በተጻፈበት ግድግዳ ላይ ደግሞ 907 እና የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ይጻፍ፣ ቆሞ በሚሠራ ሰው ዓይን ትክክል፣ በጎማ ክምር እንዳይሸፈን ተደርጎ።